ክር የታሰረበት ሐብሐብ

ትርሓስ ለእኅቷ «አዎ፣ ላንቺ ነው ያሰርኩት» ያለቻት ከልቧ ነበር ወይስ ዋሽታት? ኃይለኪሮስ ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለም። ባሏ ነው። ስትናደድ ድምፅዋ እንደሚቀንስ፣ ስትዋሽ ደግሞ እጇን በቀሚሷ እንደምትጠርግ ያውቃል። ያን ቀን ግን ድምፅዋም አልቀነሰም፣ እጇም ሐብሐብ ይዞ ነበር።

ቤታቸው ጎሮ ነው። ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ጎማቸው እስኪታይ ዝቅ ብለው በጣሪያው ላይ ያልፋሉ። ኃይለኪሮስ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሠራው እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት መጋዘን ውስጥ ነው። ትርሓስ አልወለደችም። ጠበሉም ሐኪሙም ተሞክሮ ተስፋ ሲቆረጥ፣ የአምስት ልጆች እናት የሆነችው ታናሽ እኅቷ ዘውዲ የመጨረሻ ሕፃኗን ታቅፋ ከመቀሌ መጣችና «እንኪ፣ አንቺ አሳድጊያት» ብላ ሰጠቻት። ሕፃኗ ሰምሃር ትባላለች። ትርሓስን «እማዬ»፣ ዘውዲን «አክስቴ» እያለች አፍ ፈታች። ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ግን ዘውዲ ተመልሳ መጣች።

«አልቻልኩም ሓፍተይ፣ እኅቴ» አለች። «በሕልሜ እየመጣች እንቅልፍ ነሳችኝ።»

የልጅቷን ልብስ በሻንጣ ከትታ ይዛት ሄደች። ትርሓስ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው። ከዚያ ወዲህ እኅትማማቾቹ የሚነጋገሩት ለበዓል ለበዓል፣ በስልክ ብቻ ሆነ። እሱም «እንኳን አደረሰሽ» ከማለት አያልፍም ነበር።

ሰምሃር ሐብሐብ ነፍሷ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ዘሩን ወደ ውኃው በርሜል እንትፍ እያለች፣ ማን አርቆ እንደሚተፋ ከኃይለኪሮስ ጋር ትወራረዳለች። እሷ ከሄደች በኋላ ከበርሜሉ ሥር አንድ ሐረግ በቀለ። ኃይለኪሮስ አረም መስሎት ሊነቅለው ሲያጎነብስ ትርሓስ ከኋላው «እጅህን አንሳ!» ብላ ጮኸችበት። በትዳር ዘመናቸው እንደዚያ ጮኻበት አታውቅም።

ሐብሐብ የቆላ ተክል ነው፤ የአዲስ አበባን ብርድ አይችልም። በዚያ ሐረግ ላይ ከያዙት ፍሬዎች አብዛኞቹ ገና ሎሚ ሳያክሉ ጠቁረው ወደቁ። አንዷ ብቻ ፀሐይ ያሞቀው ግድግዳ ተጠግታ እንደምንም በሰለች። ውስጧ ጥቂት ጥቁር ዘር ተገኘ። የትርሓስ ሥራ የተጀመረው በዚያ ነው። በየዓመቱ ብርዱን ችሎ ቀድሞ ከበሰለው ፍሬ ብቻ ዘር ትለያለች፣ የቀረውን ለጎረቤት ታድላለች። ኃይለኪሮስም ከጭነት መጠቅለያ ተርፎ የሚጣለውን ላስቲክ እያስፈቀደ አምጥቶ ዳስ ሠራላት።

አጥር የምትጋራቸው ፈዲላ የምትባል የወሎ ሰው ናት፤ ሱቅ አላት። እሷም በትርሓስ ቀንታ ከገበያ የገዛችውን የሐብሐብ ዘር ተከለች። በዓመቱ የትርሓስ ፍሬ ሁሉ ውኃ ውኃ የሚል፣ የሚዘገይ ሆኖ አረፈው።

«ፈዲላ፣ ያንቺ ንብ ነው ያበላሸብኝ!» አለች ትርሓስ በአጥሩ ላይ።

«ንቡ የኔ ነው እንዴ እትዬ ትርሓስ? ወላሂ መታወቂያውን አላየሁትም!»

«ካንቺ አበባ ወደኔ አበባ ሲመላለስ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ደላላ ነዋ! እኔን ምን አድርጊ ትይኛለሽ?»

ሁለቱም ሳቁ። ትርሓስ ግን ከዚያ በኋላ ነገሩን ለንብ አልተወችውም። ከሥሯ ትንሽ እብጠት ያላት አበባ እናት ናት፤ እብጠት የሌለው አባት ነው። እናቲቱ ልትፈነዳ ስትል በዋዜማው አፏን በክር ትሸብባለች። ጠዋት ትፈታትና ከዚያው ሐረግ አባቱን ቀጥፋ፣ በላዩ ባለው ቢጫ ዱቄት በስሱ ትዳብሳታለች፤ መልሳም ትሸብባታለች። ፍሬ ስትይዝ፣ ለዘር የተለየች መሆኗ እንዲታወቅ አንገቷ ላይ ቀይ ክር ታስራለች። ክር ያለባትን በዚያ ቤት ማንም አይነካም።

ዓመት ዓመትን ሲተካ ፍሬው መልክ ያዘ። ትንሽ፣ ቅርፊቱ ስስ፣ ውስጡ ደም የመሰለ፣ ማር ማር የሚል። አንድ ቀን ኃይለኪሮስ ፈዲላ ሱቅ ቆሞ ሳለ አንዲት የሰፈር ሴት «የትርሓስ ደረሰ እንዴ ዘንድሮ?» ስትል ሰማ። ቤት ገብቶ ነገራት።

«ምን አለች?» አለች ትርሓስ።

«‹የትርሓስ ደረሰ ወይ› አለች።»

«እንዴት አለች?»

ሦስተኛ ጊዜ ካስደገመችው በኋላ ወደ ጓሮ ወጣች።

አምና ግን ነገር ተበላሸ። ለከርሞ ካስቀመጠችው ዘር አብዛኛውን አይጥ በላው። የተረፈውን ሁሉ ተከለችው። ዝናቡ ያለጊዜው ወረደና ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ፣ ሐረጎቹ ተራ በተራ ደረቁ። ለጎረቤት የታደለው ተበልቶ ዘሩ ከቆሻሻ ጋር ሄዷል። ከላስቲኩ ሥር አንዲት ሐረግ ተረፈች፣ እሷም አንዲት ፍሬ ያዘች።

«ይህች ከጠፋች አለቀ» አለችው ትርሓስ ክሩን ስታስር። «ሌላ የለኝም።»

የፍሬዋ መብሰል የሚታወቀው ከአንገቷ አጠገብ ያለው ጥምዝምዝ ጅማት ሲደርቅ ነው። ጅማቱ ገና አረንጓዴ እያለ ዘውዲ ደወለች፤ «ልመጣ ነው» አለች። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ትርሓስ እኅቷ ትኑር ትሙት ሳታውቅ ከርማ ነበር። «ነዪ» አለቻት።

ዘውዲ በመጣች ማግስት ባልና ሚስቱ ዶሮ ሊገዙ ገበያ ወጡ። ሲመለሱ ኃይለኪሮስ መጀመሪያ ያየው ክሩን ነው። በረንዳው ላይ፣ ትሪው ውስጥ፣ ከቢላዋው አጠገብ ወድቋል። ሐብሐቧ ተሰንጥቃለች። ሥጋዋ ገና ቀላ ሊል ሲል የተያዘ፣ ዘሯ ነጭ።

ፈዲላ በመዳፏ አፏን ይዛ ቆማለች። «እኔ አሁን መግባቴ ነው እትዬ፣ ወላሂ...»

ዘውዲ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር።

«ሓፍተይ፣ ክሩን አየሁት! እናታችን ለእንግዳ የለየቻትን ዶሮ፣ ማንም እንዳይነካት እግሯ ላይ ክር ታስር አልነበረም? እኔ እኮ እንደጠላሽኝ ነው የኖርኩት። ሰምሃርን ከወሰድኩብሽ ቀን ጀምሮ ይቅር የምትይኝ አልመሰለኝም። ለኔ ነው አይደል ያሰርሽው?»

ኃይለኪሮስ ሊናገር አፉን ከፈተ። ትርሓስ የያዘችውን ዶሮ ለእሱ አስያዘችውና ከትሪው አንድ ቁራጭ አነሳች።

«አዎ፣ ላንቺ ነው ያሰርኩት» አለች። ገመጠችው። «ብቻ ትንሽ ቸኮልሽ።»

«ኧረ ከዚህ በላይ ስንት ዓመት ልጠብቅ!» አለች ዘውዲ፣ አንገቷ ላይ እየተጠመጠመች።

ዘውዲ እጇን ልትታጠብ ስትገባ ትርሓስ ዘሩን ከትሪው ለቅማ በሳህን ሰበሰበችው። አንድ በአንድ በጥፍሯ ጫን ጫን አደረገችው። ሁሉም እንደ እርጥብ ወረቀት ይታጠፋል። አንድ እንኳ ለመብቀል የጠነከረ የለም።

«ብትነግሪያት ምን ነበረበት?» አላት ኃይለኪሮስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ብዬ?»

ዶሮውን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ።

ዘውዲ ሳምንት ቆየች። ያረጀ ጨዋታ እያነሱ ሁለቱ እኅትማማቾች በአንድ አልጋ ተኙ፤ ወይም የተኛችው ዘውዲ ነበረች። ኃይለኪሮስ ማለዳ በተነሳ ቁጥር ትርሓስን በረንዳው ደረጃ ላይ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣ ያገኛታል። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። እንግዳዋ ስትነቃ ግን ትስቃለች፣ ታጎርሳለች፣ ታስቃለች።

መሄጃዋ ሲደርስ ዘውዲ ሻንጣዋን እየዘጋች «ከዚያ ሐብሐብ ዘር ስጪኝ እንጂ፣ ለሰምሃር» አለች። «አሁን ጓሮ ያለው ቤት ተከራይታለች። ካንቺ እጅ መሆኑን ስነግራት ደስ ይላታል።»

ትርሓስ የደረቀውን ነጭ ዘር በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

«ይበቅላል አይደል?»

«ትትከለው» አለች ትርሓስ።

ዘውዲን አውሮፕላን ማረፊያ አድርሰው ሲመለሱ ትርሓስ ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጓሮ ገባች። ባዶዋን ሐረግ ከሥሯ ነቀለቻት። ላስቲኩን አወረደች፤ ኃይለኪሮስ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ይዘው እንደ አንሶላ አጠፉት።

«ለከርሞ ከገበያ ገዝተን እንደገና...» ሲል ጀመረ።

«እሱ የሌላ ሰው ነው» አለችው፤ በቁጣም አልነበረም። «እኔ ደክሞኛል፣ ኃይሌ።»

ላስቲኩን ከቤቱ ጀርባ አስቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ ውኃ ሊሰጣት ሲገባ፣ ትርሓስ ጭቃ በነካው እግሯ አልጋው ላይ በጎኗ ወድቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ትንፋሿን አዳመጠ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።