ለዘመድ የተከፈተ ካርድ

የክሊኒኩ ጸሐፊ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የካርድ ክፍሉን መስኮት ወደ ላይ ገፍቶ ይከፍታል፤ እስክሪብቶውን ከጆሮው ጀርባ አውርዶ መዳፉ ላይ አንዴ ይሞክረዋል፤ ከዚያ ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ቀና ብሎ ሳያይ ይጠይቃል።

«ለራስዎ ነው ለዘመድ?»

ጥያቄው የክሊኒኩ ቅጽ ላይ የታተመ ነው። ያሳተሙት ሰዎች ያሰቡት ሕፃን አቅፈው ወይም አልጋ ለያዘ አባታቸው ብለው ለሚመጡት ነበር። በር ስድስት ከተከፈተ ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በር ስድስት የአእምሮ ሐኪሟ ክፍል ነው፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የሰብዕና መታወክና የወሲብ ችግር ያለባቸውን ታያለች። በሩ ላይ ከቁጥሩ በቀር የተጻፈ ነገር የለም። በእነዚያ ቀናት መስኮቱ ሥር የሚቆም ሰው ሁሉ የሚመጣው ለዘመድ ነው። ለአጎቴ ልጅ ይላል አንዱ፤ ለጎረቤቴ ይላል ሌላው፤ አንዱማ ደንግጦ «ለሟች ወንድሜ» ብሎ ነበር። ጸሐፊው አይከራከርም። «ዘመድ» የሚለው ላይ ጭረት አድርጎ ቁጥር ይሰጣል። ሐኪሟም ነገሩን ታውቀዋለች፤ «ዘመድዎ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?» እያለች ትጠይቃለች። ዘመድ ይመረመራል፣ ለዘመድ መድኃኒት ይታዘዛል፤ የሚውጠው ግን መልእክተኛው ነው። የክሊኒኩ ሰው በዚህ የተነሳ ጸሐፊውን «አቶ ዘመድ» የሚል ስም አወጣለት።

አቶ ዘመድ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሦስቱን ያሳለፈው ከዚያ መስኮት ጀርባ ነው። ዱሮም ቢሆን ሰውን ባረማመዱ አውቃለሁ ባይ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ባሰበት። ሐኪሟ ለነርሶች ሥልጠና ያዘጋጀችውን ጥራዝ ፎቶ ኮፒ እንዲያስነሳ ሰጠችው፤ አንዱን ቅጂ ለራሱ አስቀረ። ጥራዙ አሥር ዓይነት የሰብዕና መታወክ ይዘረዝራል። ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛ ሰው ከዓይኑ ጠፋ። የክሊኒኩ ዘበኛ ሲያወራ እጁን ስለሚያወናጭፍ «የሰው ዓይን ካላረፈበት የማይሆንለት» ተባለ። እቤቱ የሚኖሩት አማቱ ደግሞ የሻይ ብርጭቆ በቁመት ስለሚደረድሩ «ሥርዓት ያሰረው» ከሚለው ክፍል ተመደቡ።

«እኔን ነው?» አሉ አማቱ ውጤታቸው ሲነገራቸው። «አንተ፣ ካልሲህን ፍሪጅ ላይ የምትተወውስ ስንተኛው ገጽ ላይ ነህ?»

«እማማ፣ ሕመምተኛ ሕመሙን አያውቀውም። ይኸው ተጽፏል።»

«እንዲያ ከሆነማ ጤነኛ ነኝ እያልክ አንተ አበቃልህ።»

እሱ ግን ራሱን በአሥሩም ፈትሾ ነበር። ንጹሕ ሆኖ አገኘው።

አንድ ያልፈተሸው ነገር ነበር። ከስምንት ወር ወዲህ ከሚስቱ ጋር ከአልጋው በቀር የሚጋራው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ሰውነቱ እምቢ አለው፤ ደክሞኝ ነው አለ። በሳምንቱ ሞከረ፤ አሁንም እምቢ። በሦስተኛው ፍርሃቱ ከእሱ ቀድሞ አልጋው ላይ ጠበቀውና የቀረውን ሥራ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ሚስቱ ሳትገባ ማንኮራፋት ለመደ። የውሸት ማንኮራፋት ከእውነተኛው ይልቅ ያደክማል፤ ጠዋት ጉሮሮውን እያመመው ይነሳ ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሰው ትከሻ በዓይኗ ለክታ የማትስት ሴት፣ ስምንት ወር መቁጠር አይከብዳትም። መጀመሪያ ጠየቀች፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ ማሽተት ጀመረች።

«ማናት?» አለችው አንድ ማለዳ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

«ማን?»

«እሷ።»

የለችም ማለት ይበቃ ነበር። ግን አቶ ዘመድ የሚቀጥለው ጥያቄ ከሩቅ ታየው፦ ሴት ከሌለች ታዲያ ምን ሆነህ ነው? ስለዚህ ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ ቃል ተቆጠረበት። አማቱ የደም ግፊታቸውን ሊለኩ ክሊኒክ በመጡ ጊዜ ወሬውን ለዘበኛው አካፈሉት።

«ጋሼ፣ እርስዎም አሉበት ለካ!» እያለ ዘበኛው ትከሻውን መታ መታ ያደርገው ጀመር። «እኔኮ መነጽርዎን አይቼ ተሸወድኩ።»

አቶ ዘመድ አላስተባበለም። የሌለች ውሽማ መሸከም ያለበትን በሽታ ከመናገር ቀለለው። እውነቱን ለመናገር ጫማውንም መቀባት ጀምሮ ነበር።

ሚስቱ ግን በሰላም አላስቀመጠችውም፤ እሱም ወደ ጥራዙ ሮጠ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ አገኛት። «ያለ በቂ ማስረጃ የቅርብ ሰዋቸውን የሚጠረጥሩ» ይላል። አቶ ዘመድ ከክሊኒኩ ካርድ አንዱን መዝዞ፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፉ የሚስቱን ስም ሞላ። በሽታ በሚለው ላይ «ተጠራጣሪ ሰብዕና»፣ ምልክት በሚለው ቦታ ላይ «ባሏን ትጠረጥራለች፤ ኮሌታ ታሸታለች» ብሎ ጻፈ። አንድ ቀን ሐኪሟ ዘንድ ሊያቀርባት አስቦ ካርዱን ጃኬት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ማክሰኞ ዕለት ያንኑ ጃኬት ቁልፍ እንዲተከልለት ቤት ትቶት ሥራ ገባ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ እንደሆነች ሰባ ሺህ ጊዜ የሚያውቅ ሰው እንዴት ይህን እንዳደረገ ጥራዙም አያብራራውም።

ሲመለስ ጃኬቱ ወንበር ላይ፣ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«ተጠራጣሪ ሰብዕና» አለች ሚስቱ። «ኮሌታ ታሸታለች። ይኼም የሕክምና ቃል ነው?»

«ለአንቺው ብዬ…»

«ስማኝ። በሽተኛ ነሽ ካልከኝ ልሁን። ግን እስከ ቅዳሜ እውነቱን ንገረኝ። ሴት ካለች አለች በል፤ አልሞትም። ዝም ካልከኝ ግን ቅዳሜ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። እናቴን እተውልሃለሁ።»

«እኔን ማን ጋ ነው የምትተይኝ?» የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። «ከዚህ ብርጭቆ መርማሪ ጋር?»

ረቡዕ ከሥራ ሲገባ የስፌት መኪናው ክዳኑን ለብሶ አገኘው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ያ መኪና ክዳን እንዳለው አያውቅም ነበር። ቤቱ ጸጥ አለ። አቶ ዘመድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክዳኑን ሲያይ ቆየና፣ ሚስቱ ቅዳሜ ከሄደች ይህ ጸጥታ የእሱ ሆኖ እንደሚቀር ገባው።

ሐሙስ ጠዋት ዘበኛውን ጠራው። «አሥር ደቂቃ መስኮቱ ጋ ቁምልኝ።» ከዚያ ዞሮ እንደማንኛውም ሰው በውጭ በኩል መጣ። ዘበኛው መንበሩን እንደተረከበ ሹም ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ «ለራስዎ ነው ለዘመድ?» አለ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት መልእክተኞች ሁሉ ቀና አሉ።

«ለዘመድ» አለ አቶ ዘመድ፣ እስክሪብቶውን እያየ።

በር ስድስት ውስጥ ሐኪሟ ጽሑፏን አቋርጣ ፈገግ አለች። «ጋሼ፣ ምን ረሳሁ ዛሬ ደግሞ?»

«የለም ዶክተር። አንድ ዘመድ ነበረኝ…»

ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ወረደ፤ በምትኩ ምንም አልመጣም። ይህን መቻል ራሱ ሙያ ነው። «ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሃምሳ ሁለት።»

ችግሩን በዙሪያው እየዞረ፣ በእጁ አየሩን እየጠረገ ነገራት። እሷ ሳትቸኩል ሰማችው። «ጠዋት ሲነቁስ? ሳይታሰብ የሚመጣው አለ?»

አቶ ዘመድ ጣሪያውን አየ። «አልፎ አልፎ አለ። ማለት፣ እንደነገረኝ።»

«ብዙ ያጫውቱዎታል።»

«ቅርብ ነን።»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የግፊት ክኒን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መልሱን ከአፉ ሳያወጣ ለራሱ ሰማው። «ከ… ዘጠኝ ወር።»

ሐኪሟ የክኒኑን ስም ጠይቃ ጻፈች። «የዚህ ነገር ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ አይሆንም። ግፊቱ ራሱ የደም ሥርን ይጎዳል፤ ስኳርም እንደዚያው፤ አንዳንድ የግፊት ክኒንም ያመጣዋል። አንዴ ሲያቅት ደግሞ ሰው ይፈራል፤ ፍርሃቱ ለብቻው ሌላ ምክንያት ይሆናል። ጠዋት ጠዋት አልፎ አልፎ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው። ክኒኑን ግን በራሳቸው እንዳያቆሙ። ከጻፈላቸው ሐኪም ጋር ተነጋግረን እንቀይረዋለን፤ ስኳራቸውን እንለካለን። ከዚያ ከሚስታቸው ጋር ይምጡ።»

«ሚስቱ እንኳ…» አቶ ዘመድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሰብዕና መታወክ አለባት። ተጠራጣሪ ናት።»

«ምን ነግረዋቸው ነው የጠረጠሩት?»

«ምንም።»

«ስምንት ወር ሙሉ ምንም? እኔም እጠረጥር ነበር፣ ጋሼ።» ወንበሯን ወደ ፊት ሳበች። «የጥራዙን የመጀመሪያ ገጽ ዘለውታል መሰለኝ። መታወክ የምንለው ከወጣትነት ጀምሮ፣ በየቦታው፣ ከማንም ጋር የሚታየውን ነው፤ ሰውየውንም አብሮት የሚኖረውንም የሚያሠቃየውን። ከአፈጣጠርም ከአስተዳደግም ይመጣል። የሚታከመው ወራት፣ አንዳንዴ ዓመታት በሚፈጅ ንግግር ነው፤ ስም በመለጠፍ አይድንም። ብርጭቆ መደርደርማ ጭራሽ አይገባበትም።»

«የብርጭቆውን ነገር ማን ነገረዎት?»

«አማትዎ። ግፊት ሊለኩ ሲመጡ።»

ዓርብ ዕለት ለሚስቱ ሊነግራት ሦስት ጊዜ ጀመረ። አንደኛውን በሳል ጨረሰው። በሁለተኛው አማቱ ገቡ። በሦስተኛው ሚስቱ መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ነበር። «ስሚ…» አለ። «አቤት?» ስትለው «ቁልፉ ጠብቋል?» ብሎ አረፈው። በመጨረሻ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ ለመሮጥ እንደተዘጋጀ ሰው፣ «ነገ ከመሄድሽ በፊት በእኔ መሥሪያ ቤት በኩል እለፊ። እዚያ እነግርሻለሁ» አላት።

«እዚያ ነው ያለችው?»

«እዚያ ያለሁት እኔ ነኝ።»

ቅዳሜ መጣች። የክት ጫማዋን አድርጋለች፤ ሻንጣ ይዛለች። መስኮቱ ላይ ዘበኛው ነበር፤ አቶ ዘመድ ከኋላ ካርዶቹ መደርደሪያ ጋ ቆሟል።

«ለራስዎ ነው ለዘመድ?»

ሚስቱ ከቦርሳዋ ካርዱን አውጥታ ሰጠችው። «በስሜ የተከፈተ ካርድ አለኝ። በሽተኛው ግን ከጀርባው ነው ያለው፤ ገልብጠው።»

ዘበኛው ገለበጠው፤ ሚስቱ በእጇ የጻፈችውንም እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበው። «ስምንት ወር። ፊት ወደ ግድግዳ። የውሸት ማንኮራፋት።» አግዳሚው ላይ አንዱ ሳል ያዘው። «ታዲያ ለማን ብዬ ልጻፍ?»

ሚስቱ ከዘበኛው ትከሻ በላይ ባሏን እያየች ሻንጣውን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ አዛወረችው። አቶ ዘመድ «ለዘመድ» የሚለውን ቃል ምላሱ ላይ አገኘው፤ ሃያ ሦስት ዓመት እዚያው የኖረ ቃል ነው።

«ለራሱ በል» አለ።

«የማን ራስ?»

«የእኔ! ጻፍ!»

ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ቁጥራቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «ልጄ» አሉት ዘበኛውን በሹክሹክታ፣ «የእኔንም እንደዚያ አስተካክለው።»

በር ስድስት ውስጥ አቶ ዘመድ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ አንዴ እሱን አንዴ ሐኪሟን አየች።

«ክኒን ነው?»

«ክኒኑም ሊኖርበት ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ፍርሃቱም። ዝምታውም።»

«ሴት የለችም?»

«የለችም» አለ አቶ ዘመድ፤ ጥቂት ያፈረ መሰለ።

«የዳቦ ቤቷን ሴትዮኮ እሷ ናት ብዬ ሰላምታ ከከለከልኳት አምስት ወር ሆነኝ!» ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ካርዱን አንሥታ ትከሻው ላይ በጥፊ አሳረፈችው። «ይኼን ለመናገር እኔን በሽተኛ ማድረግ ነበረብህ?»

«ጥራዙ ላይ…»

«ጥራዙን ለእናቴ ስጣት። ምድጃ ትለኩስበት።»

ሲወጡ ዘበኛው ሻንጣውን ሊያግዝ አነሣና ከጠበቀው በላይ ወደ ላይ ተነሣለት። «ምነው ቀለለ?»

«ዝም ብለህ ያዝ» አለችው። ውስጡ አንድ ሹራብ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አቶ ዘመድ በባዶ ሆዱ ክንዱን ለስኳር ምርመራ ሰጠ፤ ክኒኑ ተቀየረለት፤ ከአራት ሳምንት በኋላ ላለው ማክሰኞ በር ስድስት የሁለት ሰው ቀጠሮ ተያዘላቸው።