በአንድ ቦይ የተቀበሩ ሁለት ገመዶች

መጠባበቂያ መንገድ ያለው ኔትወርክ አይጠፋም ይላሉ። ውሸት ነው። ይጠፋል፤ ያውም ተዝናንቶ እንደተቀመጠ። ይህን የማውቀው ካጠፉት ሰዎች አንዱ እኔ ስለሆንኩ ነው። እንዴት እንዳጠፋሁትና በማን እንዳላከክሁት ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። እሳቸው ስለ ጾም ጠየቁኝ፣ ስለ ጾም መለስኩ። ስለ ገመድ የጠየቀኝ የለም።

ያኔ ቦንጋ ውስጥ የመሥሪያ ቤቶችን ኮምፒውተር የሚያገናኝ የአንድ ትንሽ ድርጅት መሐንዲስ ነበርኩ። ድርጅቱ ዛሬ የለም። አሠራራችን ሴግመንት ራውቲንግ የሚሉት ነበር፤ መልእክቱ ከቦንጋ ሲነሳ የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች ዝርዝር ራሱ ይዞ ይወጣል፣ መንገድ ላይ ማንንም አይጠይቅም። ገመድ ቢበጠስ በአቅራቢያው ያለው ራውተር፣ መልእክቱን የሚመራው መሣሪያ፣ አስቀድሞ ያዘጋጀውን ሌላ ዝርዝር ያስይዘዋል፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባልሞላ ጊዜ በሌላ በኩል ይሄዳል። ብልህ ነገር ነው። ራውተር ግን መሬት ቆፍሮ አያይም። ሁለት ገመዶች በአንድ አደጋ አብረው ሊሞቱ እንደሚችሉ የሚያውቀው ሰው ሲነግረው ብቻ ነው። አብረው ለሚሞቱት አንድ ዓይነት የአደጋ ቁጥር እንሰጣለን፤ ያን ጊዜ አንዱን ለሌላው መጠባበቂያ አያደርግም። እኔ የተለያየ ቁጥር ሰጠኋቸው። አውቄ ነው የሰጠኋቸው።

እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ፣ ጋሽ ሻዎ ነገሩኝ። ጋሽ ሻዎ የመስመር ጠባቂያችን ነበሩ፤ ከቦንጋ እስከ ሺሺንዳ ከተማ ያለውን መስመር በእግራቸው እየሄዱ ያያሉ። አማርኛ ይናገራሉ፣ መጻፍ ግን አይሆንላቸውም፤ ነገር ሲከብድ ደግሞ ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ ይመለሳሉ። የቢሯችን ሰዎች ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ ስለነበሩ ቋንቋውን የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ። ወላጆቼ ለንግድ መጥተው ቦንጋ ወለዱኝ፣ ከሰፈር ለመድኩት። ስለዚህ እሳቸው ያዩትን ይነግሩኛል፣ እኔ ሪፖርቱ ላይ እጽፋለሁ። ለዓመታት እንዲህ ሠራን። ባልደረቦቼ የጋሽ ሻዎ እስክሪብቶ እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

አንድ ቀን ጭቃ የጠገበ ቦቲ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ።

“ኢንጂነር፣ ሺሺንዳ መግቢያ፣ ድልድዩ ጋ፣ ሁለቱም ገመድ አንድ ቦይ ውስጥ ነው ያለው” አሉኝ።

ካርታው ላይ እኮ ለየብቻ ናቸው አልኳቸው።

“ካርታው ቦቲ አድርጎ አያውቅም” አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አልጻፍኩትም።

ለምን አልጻፍኩትም? በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ ለመጡ አለቆች ሁለቱን ገመዶች በሁለት ቀለም ስዬ አሳይቼ ነበር። ሁለት መንገድ ካለን ተራራው ላይ ያለው ቀርፋፋ የሬዲዮ መስመር ይነሳ ብዬ ነበር፣ ተጨብጭቦልኝ ነበር። እውነተኛውን ቁጥር ካስገባሁ ሬዲዮው መመለስ አለበት፣ የተሰጠኝ ጭብጨባም አብሮ ይወሰድብኛል። ሥዕሌን መረጥኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ እኔ ነኝ የመረጥኩት።

ክረምቱ እንዳለፈ መንገድ የሚያሰፋ ኤክስካቫተር ድልድዩ አጠገብ ጥርሱን አንዴ አሳረፈ። ሁለቱም ገመዶች አብረው ተበጠሱ። ራውተሩ ያስተማርኩትን አደረገ፤ መልእክቱን ከሞተው ወደ ሞተው አዛወረ። ሬዲዮው በእኔ ቃል ተነስቶ ስለነበር ማማው ላይ የቀረን ነገር አልነበረም። ገመዱ እስኪቀጠል ድረስ የምናገናኛቸው ቢሮዎች ሁሉ ዝም አሉ።

ሦስት ሰዎች ለማጣራት ከአዲስ አበባ መጡ። ቦዩ አንድ መሆኑን የነገረህ ሰው ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። ጋሽ ሻዎን አስጠሩ። ነገሩ ከብዷቸው ነበርና በካፊኖኖ ተናገሩ፤ ቀስ ብለው፣ ቀኑን ሳያስቀሩ፣ በር ላይ ያወለቁትን ቦቲ ሳያስቀሩ። ለዚህ ለተቀመጠው ሰው ነግሬዋለሁ አሉ። ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረው “ምን አሉ?” አሉኝ።

“አላየሁም ነው የሚሉት” አልኩ።

ሦስት ቃል። ብዙ የጻፍኩ ሰው ነኝ፤ እንደነዚያ ሦስት ቃላት የሠራልኝ ጽሑፍ ግን የለም።

ጋሽ ሻዎ አማርኛ ይናገራሉ ብያችኋለሁ። ሰሙኝ። ሊያርሙኝ ይችሉ ነበር፤ አላረሙኝም። አዝነውልኝ ነው? ንቀውኝ ነው? ወይስ በእኔና በእሳቸው መካከል ማን እንደሚታመን አስቀድመው አውቀውት ነው? ሲወጡ ተከትያቸው በር ድረስ ሄድኩ፤ ለምን እንደተከተልኳቸው እንኳ አላውቅም። ቦቲያቸውን እያጠለቁ፣ ቀና ሳይሉ፣ በአማርኛ እንዲህ አሉኝ።

“ሁለት ጊዜ ነገርኩህ። አንዴ ስለ ቦዩ፣ አንዴ አሁን። ሦስተኛ የለም።”

መስመሩን በአግባቡ አልተመለከቱም ተብለው ተሰናበቱ። ጫካ ውስጥ ወዳለው አገራቸው ወደ ማንኪራ ተመልሰው ንብ ያነቡ ጀመር። አገሬው እንቅልፋሙ ዘበኛ የሚል ስም አወጣላቸው፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የለኩ ሰው! እኔ ግን መሐንዲስነቱን ትቼ ጸሐፊ ሆንኩ። ስለ ሹማምንት ቅጥፈት እጽፋለሁ። አንባቢዎቼ ደፋር ይሉኛል።

ቦንጋ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ካፊኖኖ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ገበያ ስወጣ በአማርኛ እገዛለሁ፤ ከልጅነቴ የሚያውቁኝ ሴቶች ኮራብን ይላሉ፣ እኔም ይበሉ ብዬ አልፋለሁ። ማር አልገዛም፤ ከማን ቀፎ እንደተቆረጠ መጠየቅ እፈራለሁ። በማንኪራ መንገድ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ጫካው ሲጀምር ተመልሻለሁ። ሰበብ ብፈልግ አላገኝም። ልጅነት አላሳተኝም፣ ረኃብ አልገፋኝም፣ የማሳድጋቸው ልጆችም አልነበሩኝም። ዛሬም የሉኝም።

ይህን መጻፌን ድፍረት አታድርጉት። የጋሽ ሻዎ ቃል ወደ ወረቀት የሚደርስበት መንገድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሌላ አልነበራቸውም፤ እኔ ጋ ሲደርስ ሞተ። አሁንም በእኔ በኩል ብቻ እንዲሄድ ብተወው ጫካው ዳር እንደሚቀር አውቃለሁ። ስለዚህ ማንኪራ የምትወርዱ ሁሉ፣ ንብ የሚያነቡትን ጋሽ ሻዎን ፈልጉ። ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብላችሁ፣ “ነግረውት ነበር” በሉ። ካፊኖኖ የምትችሉ በካፊኖኖ በሉት። ለእኔ ይቅርታ አታድርጉልኝ፤ ይህን ብቻ አድርጉ።