ለስሞች የተጨመረ ዲስክ

ወንድሜ ከሄደ በኋላ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ቀርቶታል፤ እኛ ግን ያንን አናውቅም። ታናሼን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት፣ ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ሰባት ወር ሆነው። ሥራ ቦታ ወንበሬን ትቼ ኮሪደሩ ላይ እመላለሳለሁ። ቤት ስገባ እናቴ «እባክሽ ተቀመጪ፣ አዞርሽኝ» ትለኛለች። እሑድ እሑድ ከየካ ሚካኤል በላይ ካለው ቤታችን ተነሥቼ ወደ እንጦጦ እወጣና ባሕር ዛፉ ውስጥ ስዞር ውዬ፣ ደክሞኝ እንጂ ቀሎኝ አልመለስም።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ነበር። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ የሚጠግን ሰው ጥቂት ስለነበረ ሰፈራችን የእኔን ሥራ ከሬዲዮ ጥገና ለይቶ አያየውም። ከእኛ ቤት ሦስት አጥር ዝቅ ብሎ የሚኖሩት ሽማግሌ ጎረቤታችን ግን ልዩነቱን ያውቁ ነበር። ከከምባታ የመጡ ሰው ናቸው፤ ግማሽ ዕድሜያቸውን ልጆች ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በአንድ አነስተኛ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ መዝገብ ያዥ ሆነው ተቀጠሩ። የወንጌል አማኝ ናቸው። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ስለቆየ እሑድ እሑድ በየተራ በሰው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ሰፈሩም ያውቃል፣ ዝም ይላል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በር ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ማሽኔ ሞልቷል» አሉኝ።

«ምኑ ነው የሞላው ጋሼ?»

«ስም። ከእንግዲህ አንድ ስም አልቀበልም አለኝ።»

ሥራቸው በድርቁና በሰፈራው ጊዜ ከወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆችን መመዝገብ ነበር። የልጁን ስም፣ የአባቱን፣ ያስታወሰ እንደሆነ የአገሩን፣ የተገኘበትን ቦታ በእንግሊዝኛ ፊደል ያስገባሉ። ወላጅ ሲመጣ ከመዝገቡ ይፈልጋሉ። አንዱ ስም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ስለሚገባ ሦስቱንም ይሞክራሉ። አሁን ደግሞ ትልልቆቹን፣ ባል ከሚስት፣ ወንድም ከእህት የተጠፋፉትን መመዝገብ ፈልገው ዲስኩ ላይ ቦታ አጡ። ከውጭ የመጣ አንድ እንግዳ ሻንጣው ውስጥ በሹራብ ጠቅልሎ ሁለተኛ ዲስክ አምጥቶላቸዋል። የሚገጥመው ሰው ግን የለም።

«እኔ እገጥምልዎታለሁ» አልኩ።

«አይ፣ አንቺ አሳዪኝ፣ እኔ ልግጠመው። ነገ አንቺ ባትኖሪ ማንን እጠራለሁ?»

ልቤ ፈራ። ያን ጊዜ መንግሥት የጽሕፈት መኪናና ማባዣ እንኳ በዝርዝር የሚይዝበት ጊዜ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ያለ ፈቃድ የሌላ ድርጅት ማሽን ስፈታ ብገኝ ምን እንደምል አላውቅም። ሆኖም እምቢ ማለት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር፣ እጄ የሚይዘው ነገር ማግኘቱም ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቢሮአቸው ገባን። የድሮ ቪላ ነው፤ መስኮቱ የግቢውን በር ያሳያል። ካቻቢቴውን ሰጠኋቸው። በሕይወታቸው ይዘው የማያውቁ መሆናቸውን ከአያያዛቸው አየሁ፤ እንደ ጠመኔ ነው የጨበጡት። ከኋላ ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትተው፣ ነጭ ወረቀት ላይ የማሽኑን ጀርባ በእርሳስ ሥለው፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ አስቀመጡ።

«ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው እኮ» አልኩ።

«እኔ ግን ገና አላውቃቸውም» አሉ።

እኔ መስኮትና ጠረጴዛ መካከል እመላለሳለሁ። ክዳኑ ሲነሣ ውስጡ አቧራ ብቻ ነው። በመሐረባቸው ሊጠርጉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩና መጀመሪያ ብረቱን እንዲነኩ፣ ገላቸው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወደዚያ እንዲሄድ ነገርኳቸው። ነኩ። ከዚያ በኋላ በየደቂቃው እየነኩ «ይበቃል?» ይሉኛል።

አሮጌውን ዲስክ አሳየኋቸው። መጠኑ ጡብ የሚያህል፣ ከባድ ነው። ከጎኑ ሁለት ጠፍጣፋ ገመዶች ተሰክተዋል፤ አንዱ ትእዛዝ ይወስዳል፣ አንዱ ጽሑፉን ያመላልሳል። አዲሱ ከሥሩ ባለው ባዶ ቦታ ይገባል። ሰፊውን ገመድ ሁለቱ ይጋሩታል፤ ጠባቡን ለየራሳቸው ይይዛሉ። የገመዱ ቀይ መሥመር ያለበት ጠርዝ ወዴት እንደሚሆን ስነግራቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አፍንጫቸውን እስከ ገመዱ አቀረቡ።

«በተቃራኒ ብሰካውስ?»

«አይሠራም።»

«ይበላሻል?»

«ብዙ ጊዜ አይበላሽም።»

«ብዙ ጊዜ» ብለው ደገሙት፤ እንደገና አዩት።

አዲሱን ዲስክ አስገብተው አራቱን ብሎን እስኪያጠብቁ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«አሮጌው ላይ ያለውን መጀመሪያ ወደ ፍሎፒ ብንገለብጠው አይሻልም?»

ይሻል ነበር። ለሌላ ሰው ቢሆን እኔው ነበርኩ የምለው። ግን ትንሽ ትንሽ የሚይዙትን ፍሎፒ ዲስኮች እየቀያየሩ መገልበጥ እስከ ማታ ያቆየናል፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ግቢ መውጣት ፈልጌያለሁ።

«አሮጌውን አንነካውም እኮ ጋሼ። ምንም አይሆንም።»

አመኑኝ። ማሽኑን አበራን። አዲሱ ዲስክ እንደ ሩቅ የወፍጮ ድምፅ እያሰማ ተነሣ፤ ማሽኑም አወቀው። አሮጌውን ሲ፣ አዲሱን ዲ ብሎ እንደሚጠራ ነገርኳቸው። የቀረው ባዶውን ዲስክ ለጽሑፍ ማሰናዳት፣ ፎርማት ማድረግ ነው። ኪቦርዱን ወደ እኔ ሳብኩት። ልክ በዚያች ቅጽበት የግቢው በር ላይ መኪና ቆመ። የበሩ ዘብ ከሰው ጋር ሲነጋገር ይሰማል። ቀና ብዬ ሳይ ካኪ ልብስ አየሁ። እጄ ቶሎ ቶሎ ጻፈ። ቶሎ ጨርሼ ክዳኑን ልመልስ ብዬ ነበር። ማሽኑ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ እሺ ለማለት «ዋይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል መጫን ብቻ ነው የቀረኝ፤ ጣቴም ላዩ ላይ ነበር።

«ቆይ» አሉ ሽማግሌው። ስክሪኑን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያነብ መምህር ቀስ ብለው እንግሊዝኛውን አነበቡ። «በዲስክ ሲ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ነው የሚለው። ሲ አሮጌው አይደለም እንዴ? አዲሱን ዲ ነው ብለሽኝ ነበር።»

አየሁት። ሲ ነበር። አራት ዓመት የተሰበሰቡት ልጆች ሁሉ፣ ከነአባታቸው ስም፣ ከነተገኙበት ቦታ፣ ከጣቴ ሥር ነበሩ። እጄን አንሥቼ ጉያዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በሌላ እጄ ትእዛዙን ሰረዝኩ።

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳና የቀበሌው ጸሐፊ ገባ። ከኋላው ጠብመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ቆሟል። ጸሐፊው ክዳኑ የተነሣውን ማሽን፣ ወረቀቱ ላይ የተደረደሩትን ብሎኖች አየ።

«ይኼ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ኮምፒውተር ነው።»

«ለምን ፈታችሁት?»

«ሞልቶ ነው። ሌላ ማስቀመጫ እየጨመርንለት ነው።»

«ያባዛል?»

«አያባዛም። ስም ያስቀምጣል።»

«የማን ስም?»

«ቤተሰብ የጠፋባቸው ልጆች።»

ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ፣ እዚህ ነው የምትሠሪው?»

እኔ ውሸት እየፈለግኩ ሳለ እሳቸው ቀደሙኝ። «ጎረቤቴ ናት። እኔ ስለማላውቅ ልታሳየኝ መጣች።»

ጸሐፊው ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። «ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ። ሁለታችሁም እንዳትቀሩ» አለና ሄደ። የመጡት ለዚሁ፣ በየግቢው ስብሰባውን ሊነግሩ ኖሯል።

መኪናው ሲርቅ ወንበር ላይ ወደቅኩ። እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ከቴርሞስ ሻይ ቀዱልኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ፍሎፒ ያሉኝን መስማት ነበረብኝ» አልኩ።

«አሁን እንገልብጥ» አሉ። «ለዛሬ ይኼ ይበቃል፤ ሌላውን ነገ።»

አንዱን ፍሎፒ እያወጣን ሌላውን እያስገባን እስኪመሽ ድረስ ገለበጥን። በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጽፋሉ። እኔ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራሁ ስንት ወር እንደሆነኝ አላውቅም፤ ያም ሆኖ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይርገበገባል። በመካከሉ ስለ ወንድሜ ጠየቁኝ። ደብዳቤ እንደሌለ ነገርኳቸው።

«መዝገብ ላይ ላስገባው?» አሉ።

«ወንድሜ አልጠፋም» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አልተቀየሙም፤ አሥራ አንደኛውን ፍሎፒ አቀበሉኝ።

በማግስቱ ስብሰባው እስከ ስድስት ሰዓት ቆየ። ስሜ ይጠራል እያልኩ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ፤ አልተጠራም። ከዚያ ቀጥ ብለን ቢሮ ሄድን። በዚህ ጊዜ ኪቦርዱ ፊት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነገርኳቸው፤ እሳቸው በሁለት ጣት ጻፉ። ዲ የሚለውን ፊደል ከጻፉ በኋላ አነበቡ፣ እኔ እንዳነብ አደረጉኝ፣ እንደገና አነበቡ፤ ከዚያ ዋይን ተጫኑ። ማሽኑ ሥራው የደረሰበትን በቁጥር ያሳይ ጀመር። እሳቸው ወንበራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቁጥሩን ያያሉ። እኔ ክፍሉን ስዞር መብራት እንዳይሄድ እየለመንኩ ነበር። አልሄደም።

«አለቀ?» አሉ ማሽኑ ዝም ሲል።

«አንድ ነገር ጽፈንበት እንሞክረው። ከዚያ አጥፍተን ስናበራ ካገኘነው አልቋል።»

«ምን እንጻፍ?»

የፈለጉትን ይጻፉ ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን የወንድሜ ስም ነው። ከነአባታችን፣ ከነአያታችን ስም ነገርኳቸው። ዕድሜውን ሲጠይቁኝ ልደቱ ባለፈው ወር መሆኑ ትዝ አለኝና አንድ ጨመርኩበት። መጨረሻ የታየበትን ቦታ ሲሉ፣ ከሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ያለውን የከተማ ስም ተናገርኩ። ማሽኑን አጥፍተን አበራነው። ስሙ ነበረ። ሽማግሌው ያን ቀን ክዳኑን በራሳቸው እጅ ገጠሙ፤ ከብሎኖቹ አንድም አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ያ ደብተር ይታየኝ ነበር። አለቃዬ በጠራኝ ቁጥር ስለዚያ ቅዳሜ ሊጠይቀኝ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ሽማግሌው አዲሱን ዲስክ ሞሉት፤ እንግዳው ሦስተኛ ባያመጣላቸውም አላስፈላጊውን እየሰረዙ ቦታ ማግኘት ተማሩ። ከሌላ ድርጅት ሰዎች ሊጠይቋቸው ሲመጡ ማሽኑን ከፍተው ገመዶቹን ሲያሳዩ አንድ ቀን ደርሼ አየሁ። «ቀይ መሥመሩ ወዲህ» ይሏቸዋል።

ወንድሜ የመጣው ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። በሱሉልታ በኩል በእግሩ መጥቶ እንጦጦን ወርዶ፣ ከሰዓት በኋላ እናቴ እንጨት ስትፈልጥ አጥሩ ላይ ቆመ። አላወቀችውም። «የማን ቤት ነው የምትፈልገው ልጄ?» አለችው። እሱም «የአንቺን» አላት። እግሩ ቆስሎ ነበር። ሁለት ቀን ተኛ፤ እኔ ይተነፍስ እንደሆነ ለማየት ስገባ ስወጣ ዋልኩ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቢሮአቸው ሄድኩ። የግቢው በር ላይ ሰው ተሰልፏል፤ የወታደር እናቶች፣ ሚስቶች፣ አንዳንዱም ፎቶግራፍ ይዟል። ሽማግሌው ከማሽኑ ፊት ነበሩ።

«ጋሼ፣ መጣ» አልኳቸው።

ተነሡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነው በራሳቸው ቋንቋ አጭር ጸሎት ጸለዩ። ከዚያ ተቀምጠው ስሙን ፈልገው አወጡ፣ የመጣበትን ቀን ጠየቁኝ፣ ጻፉት። ሰልፈኞቹ የጠፋባቸውን ሰው ስም የሞሉባቸውን ካርዶች ክምር ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ እኔ ገፉ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ጊዜ ካለሽ አንብቢልኝ፣ እኔ ልጻፍ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ካርድ ላይ የነበረው እጅ ጽሑፍ ለማንበብ ያስቸግር ነበር፤ ካርዱን የሞላችውን ሴት ከሰልፉ ውስጥ ጠርተን ጠየቅናት።