የሎሚ ክሊንን ስም የፈተነልን ጋሽ ደምሴ

አላመንኩም። አሁንም ስጽፍ እያመንኩ አይደለም።

ጠዋት ዑስማን ከኦምዱርማን ደወለልኝ። የጋሽ ደምሴ ጎረቤት ነው፤ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሱዳናዊ። «አል በረካ ፊኩም» አለኝ። ሰላምታ መስሎኝ «ደህና ነን፣ አንተስ?» አልኩት። መልሶ እሱኑ አለኝ። የለቅሶ ቃል መሆኑ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ጋሽ ደምሴ ንጋት ላይ አርፏል። ኩላሊቱን ከታመመ ቆይቷል።

ለማታውቁት፣ በደርግ ጊዜ ሸሽቶ ሱዳን መጥቶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው። አገሩ ሳለ መምህር ነበር። እዚህ ኦምዱርማን ገበያ ጀርባ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶኮፒ ማሽን ይዞ ይሠራ ነበር። የስንቶቻችንን የስደተኛ ፎርም የሞላው እሱ ነው። አንቱታ አይወድም፤ ዛሬም አልለውም።

እኔ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር እየኖርኩ ለዓመታት የሰው ቤት ጠርጌያለሁ። ከዚያ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የራሳችንን የጽዳት ሥራ ልንጀምር ተነሳን። ቢሮዎች እንዲያገኙን ዌብሳይት ያስፈልጋችኋል ተባልን። የዌብሳይት አድራሻ የሚያስመዘግብልን ጋሽ ደምሴ ስለነበር፣ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ ተጋፍቼ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ ኦምዱርማን ወሰድኩለት፦ «ፀዳል የጽዳት አገልግሎት ካርቱም»። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት።

አነበበው። «ቆንጆ ነው። ግን መጀመሪያ ጆሮ ይፈትነው» አለ።

ይቺ የሱ አባባል ናት። ስልኩን አንስቶ ከግድግዳው ማዶ ላለው ለዑስማን ደወለ። ስሙን አንዴ ነገረውና «ጽፈህ አምጣው» አለው። ዑስማን ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ «ፀ»ን በኤስ ጽፎታል። ደግሞ ሲነገረው በዜድ አደረገው።

«ታዲያ ደንበኛሽ የት ሄዶ ያግኝሽ?» አለኝ ጋሽ ደምሴ።

ተናደድኩ። ፀዳል የእናቴ ስም ነው፤ ሞታለች። «የእናቴን ስም እኮ ነው የምትጥለው!» አልኩት።

መነጽሩን አወለቀ። «አልጣልኩትም። በየቀኑ ተበላሽቶ እንዲጻፍ ነው ያልፈለግኩት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ «ናዲፍ» ይዤ ሄድኩ፤ በዓረብኛ ንጹሕ ማለት ነው። እሱንም አንዱ በአንድ አይ፣ ሌላው በሁለት ኢ ይጽፈዋል ብሎ መለሰኝ። መጨረሻ ላይ ከጓደኞቼ አንዷ፣ አልማዝ፣ «እጃችን ሁሌ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ለምን ሎሚ አንለውም?» አለች። ጋሽ ደምሴ ሲፈልገው ሎሚ ብቻውን በሌላ ሰው ተይዞ ነበር። «ሰረዝ ጨምረን እንውሰደው» ስለው፣ «ሰረዝን ስልክ ላይ ምን ብለሽ ትያታለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሎሚ ክሊን ሆነ። ዑስማን አንዴ ሰምቶ ሳይሳሳት ጻፈው።

ካርቱም የሚለውንም አስወጣኝ። «ከተማ አታስገቢበት። ነገ የት እንደምናድር እናውቃለን?» አለ።

ምዝገባው ላይ «ባለቤት» የሚል ቦታ አለ። የራሱን ስም ይጽፋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እዚህ አገር የኔ የምለው ሁሉ በሌላ ሰው ስም ነበራ፤ ሲም ካርዴ እንኳ በጎረቤቴ ስም ነው የወጣው። እሱ ግን ወንበሩን ለቀቀልኝ። «ራስሽ ጻፊ» አለኝ። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆመ። «ጨረስሽ? ያላ፣ አሁን ያንቺ ነው። እኔም እንዳላውቀው።»

ጦርነቱ ሲመጣ ፖርት ሱዳን ሸሸን። ባልዲ እንኳ አልያዝንም። እዚያ ሥራ ፈትተን ተቀምጠን ሳለ፣ ካርቱም ቢሮውን እናጸዳለት የነበረ ሰው በዌብሳይቱ በኩል ጻፈልን፦ «እኛም ወደ ፖርት ሱዳን ተዛውረናል። አላችሁ?» አለን አልነው። አራት ቤተሰብ በዚያ ሥራ በላ።

ጋሽ ደምሴ ግን ከኦምዱርማን አልወጣም። ና ስንለው «መሸሽ በዕድሜ አንዴ ይበቃል» ነበር መልሱ። እኛ የተመለስነው በቅርቡ ነው። ሁለቴ ሄጄ አየሁት፤ ከስቷል፣ ቀልዱ ግን እንዳለ ነበር። ሦስተኛውን ኢንሻላህ በሚቀጥለው ሳምንት ብዬ ቀጥሬው ነበር።

ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬ ዑስማንና የሰፈርህ ሰዎች ከእኛ ጋር ተሸክመው ቀበሩህ። ከዚያ በፊት እኔና አልማዝ ባልዲያችንን ይዘን ቤትህ ገብተን ነበር። በሕይወት ሳለህ ማናችንንም መጥረጊያ አታስነካንም ነበር፤ «ለሰው የጠረጋችሁት ይበቃል» እያልክ ትቀማን ነበር። ዛሬ ሳላስፈቅድህ ገባሁ። ወለሉን አጠብን፣ መስኮቶቹን ከፈትን፣ ከጎረቤት ወንበር ለምነን ደረደርን። ለቀስተኛህ ንጹሕ ቤት ነው የተቀመጠው።

አትቆጣኝ ጋሼ። ደህና ሁን።