የሽፈራው ፍሬ ሐብል

ጋሽ ወልደሥላሴ ዙሪክ ውስጥ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የብርዱን ወራት ከከተማው ዳር ሽሊረን ባለችው ጠባብ ቤታቸው እህታቸው ከኮንሶ የላኩትን የሽፈራው ፍሬ ሲለቅሙ ከረሙ። ፍሬው የሚሄደው ወደ ሄይቲ ነበር፤ አውሎ ነፋስ ባራቆተው ተራራ ላይ የአንድ መንደር ሰዎች በዝናቡ ወራት ሊተክሉት ጉድጓድ ቆፍረው ይጠብቁ ነበር። ፍሬውን ከእሳቸው ተቀብሎ የሚያሻግረውን የእርዳታ ማኅበር የምትመራው ጄኔቭ የምትኖረው የክርስትና ልጃቸው ሜሮን ናት።

“ፍሬው ደረሰ?” ብለው በስልክ ጠየቋት።

“አይጨነቁ ጋሼ፣ ሥራ ላይ ውሏል።”

በሚያዝያ ማኅበሩ ጄኔቭ አጠገብ ግራንድ ሳኮኔ ወዳዘጋጀው ግብዣ በባቡር ሄዱ። በሩ ላይ አንዲት አስተናጋጅ ሐብል አጠለቀችላቸው። ዳሰስ ሲያደርጉት የለቀሙት ፍሬ ነው፤ እያንዳንዱ መሐሉ በመርፌ ተበስቷል።

ሜሮን እየሳቀች መጣች። “ውይ ሲያምርብዎት! እንግዶቹ እኮ ሞቱለት።”

“መንደሩስ?”

“ይደርሳል ጋሼ። መጀመሪያ ሰው ይወቀን። እህትዎ ሌላ ይላኩልን።”

“እስከዚያ ዝናቡን አንቺ ታቆዪዋለሽ?”

መልስ ሳይጠብቁ ወጡ። ቤታቸው ሲደርሱ ከሐብሉ አንዱን ፍሬ ፈትተው በእርጎ ዕቃ ተከሉት፤ እስከ ሰኔም ውኃ አጠጡት። አልበቀለም። ሜሮን አሁንም ትደውላለች፤ ስልኩን አያነሱም።