የተዘረፉት የአውቶቡስ ወጎች

ኩዱስ ከተማ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ የምታድረው ዊናርሲህ አንድ አመል ነበራት። በዓል ሲመጣ የጃቫን ደሴት ከዳር እስከ ዳር በሚያቋርጡት አውቶቡሶች ትሳፈርና፣ ስትመለስ ያየችውን ብሎጓ ላይ ትጽፋለች። የሹፌሩን ጨዋታ፣ መንገድ ላይ የጠጣችውን የሶቶ ሾርባ፣ የሞተሩን ድምፅ ሳይቀር። የአውቶቡስ ወዳጆች ጽሑፏን በጉጉት ይጠብቁት ነበር።

አንድ ጠዋት ጨርቅ እየቆረጠች ሳለ የረጅም መንገድ ሹፌሩ ጋሽ ሙጂዮኖ፣ በአገሩ አጠራር ፓክ ሙጂዮኖ፣ ደወሉላት።

«ምባክ፣ እህቴ፣ ወንድ ሆንሽ እንዴ?» አሏት። «ስለ እኔ አውቶቡስ የጻፍሽውን ሌላ ቦታ አነበብኩት፤ ጸሐፊው ግን ራንጋ ይላል።»

ያሉትን ድረ ገጽ ከፈተች። ወጎቿ በሙሉ እዚያ ተደርድረዋል። ራንጋ የተባለው የድረ ገጹ ጸሐፊ ፊደል የሳተችበትን እንኳ አላረመም፤ ሴማራንግ ላይ ቀሚሷ በር ይዞት የተቀደደበትን ታሪክ ሳይቀር የራሱ አድርጎታል። ይህን ስትነግራቸው ፓክ ሙጂዮኖ ሳቃቸው አልቆም አላቸው። የእሷ ደም ግን ፈላ።

ወጎቿን እንዲያነሱላት ለድረ ገጹ በትህትና ጻፈች። ደግማ ስትጽፍ፣ እያስተዋወቅንሽ ስለሆነ ልታመሰግኚን ይገባል የሚል መልስ መጣላት።

በማግስቱ ከብሎጓ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ስታጠፋ፣ ከራንጋም ገጽ አብሮ ጠፋ። ዊናርሲህ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ሰውየው ጽሑፉን ገልብጦ፣ ፎቶዎቹን ግን ከእሷው ገጽ እየሳበ ነው የሚያሳየው። እሷ የቀየረችው ሁሉ እሱም ዘንድ ይቀየራል ማለት ነው።

ጥቁር ጨርቅ ዘርግታ በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ በትልልቁ ጻፈችበት፦ «ይህ ወግ የኩዱሷ ዊናርሲህ ነው። ሳያስፈቅዱ ወሰዱት።» ከሥሩ የብሎጓን አድራሻ ጨመረችና ፎቶ አነሳችው። ከዚያ የራሷ ብሎግ እንዳይበላሽ ለፎቶዎቿ አዲስ ስም ሰጥታ፣ በድሮ ስማቸው ይህን የጨርቅ ፎቶ ተካችበት።

የራንጋን ገጽ እንደገና ስትከፍተው ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጨርቅ ብቻ ሆኗል። ለፓክ ሙጂዮኖ ላከችላቸው፤ እሳቸው ለሹፌሮቹ፣ ሹፌሮቹ ለአውቶቡስ ወዳጆች። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ፋታ አጣ፤ መርፌ መያዝ አቅቷት የስፌት መኪናውን ዘጋችው። አመሻሹ ላይ ራሱ የድረ ገጹ ባለቤት ደወለ።

«ምባክ፣ መሳቂያ አደረግሽን እኮ። እባክሽ ያንን ፎቶ ከገጻችን ላይ አንሺልን።»

«ፎቶው ያለው እኔ ቤት ነው» አለችው። «አንተ ከቤቴ ውጣ እንጂ፣ እኔ ምኑን ላንሳው?»

በዚህም አልተወችውም። ድረ ገጹን ለሚያስተናግደው ድርጅት ከነማስረጃው አቤት አለች። ድርጅቱ ወጎቹ የራሱ ለመሆናቸው ራንጋን ማስረጃ ቢጠይቀው ምንም አላቀረበም፤ ወጎቿ አንድ ሳይቀር ተነሱ። በዚያው ድረ ገጽ የተዘረፉ ሌሎች ጸሐፊዎችም መንገዱን ጠየቋት፤ ሳትሰስት አሳየቻቸው።

ፓክ ሙጂዮኖ ወደ ሱራባያ ሲነሱ የፊት ወንበሩን ለእሷ አስቀሩላት። ተሳፋሪዎቹ ማን እንደሆነች ሲሰሙ አብረዋት ፎቶ ለመነሳት ተጋፉ። ፓክ ሙጂዮኖም የአውቶቡሳቸውን ጥሩምባ እያዘፈኑ ከመናኸሪያው ወጡ።