ሳውናው ሳይሞቅ የቀረበት ቅዳሜ

ቱያ ላምፒላ ሃያ ዓመት ሙሉ የበረዶ ሆኪ ተጫውታለች። ተከላካይ ነበረች። ለፊንላንድ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፋ የነሐስ ሜዳልያ አምጥታለች፤ ሁለት የፊት ጥርሶቿን ደግሞ እዚያው በረዶ ላይ ጥላ ተመልሳለች። ጠዋት ጠዋት ፖስታ ታድል ነበር፤ ልምምዷ ግን ወንዶቹም ሽማግሌዎቹም ጨርሰው ከሄዱ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሊተኛ ሲል ነበር። ለሴቶች የምትተርፈው ሰዓት ያቺው ነበረች። ይህን ስታወራ ትስቃለች፤ ሳቀች ማለት ግን ረስታዋለች ማለት አይደለም።

ጫማዋን ከሰቀለች በኋላ፣ በሐይቁ ዳር ያለው የተጫወተችበት የከተማዋ ክለብ ትንንሽ ሴቶች ልጆችን እንድታሠለጥን አደረጋት፤ የክለቡን ሳውና፣ ያን በእንጨት ምድጃ የሚሞቅ የእንፋሎት ቤት፣ የማሞቁን ሥራም ደረበላት። ለልጆቹ የደረሳቸው ሰዓት ያው የድሮው የእሷ ሰዓት ሆነ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። እናቶች አንድ በአንድ ያስቀሯቸው ጀመር። እስከ ገና ሌላ ሰዓት ካልተገኘ ቡድኑ መበተኑ ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ ያለውን ሰዓት የያዙት የክለቡ ሽማግሌዎች ናቸው። ክፉዎች አይደሉም፤ የለመዱትን መልቀቅ ሞታቸው ነው እንጂ። ቱያ ሳይቃጠል በቅጠል ብላ በሄደች ቁጥር ሊቀመንበሩ ኤንሲዮ "እናስብበታለን" ይላታል። የሚያስቡት ደግሞ ቅዳሜ ከጨዋታ በኋላ ነው፤ ሳውና ውስጥ፣ ራቁታቸውን ተደርድረው፣ ቋሊማ እየጠበሱ። ሴት በወንዶች ተራ አትገባም። ስለዚህ የክለቡ ጉዳይ ሁሉ እዚያ እንፋሎት ውስጥ በስሎ ይወጣል፤ ለስብሰባው የሚተርፈው እጅ ማውጣት ብቻ ነው።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ሽማግሌዎቹ ላባቸው እየቀዘቀዘ፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መጡ። ከጭስ ማውጫው ጭስ የለም። ቱያ ደጃፉ ላይ ፍልጥ ላይ ተቀምጣ ጣፋጭ ዳቦ ትገምጣለች።

"ምድጃው ምን ሆነ?" አለ ኤንሲዮ።

"ምንም። ክብሪቱ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።"

"ኧረ ተይ ቱያ! ብርድ ሊጨርሰን ነው እኮ!"

"መጀመሪያ የልጆቹ ሰዓት።"

"እናስብበታለን አልንሽ አይደል?"

"እዚሁ አስቡበታ። ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ፣ እኔም ባለሁበት።"

የሰባ አምስት ዓመቱ በረኛ ታይስቶ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "እኔ በበኩሌ አስቤ ጨርሻለሁ! ለልጆቹ ይሰጥ!" አለ።

"አንተ ከሃዲ! እኛስ መቼ ልንጫወት ነው?" አለው ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

"ጠዋት ነዋ! ጡረተኛ አይደለን እንዴ? ጠዋት ምን ሥራ አለህ፣ ሚስትህን ከመነዝነዝ በቀር?"

ሳቁ ሐይቁን ተሻገረ። እጆች አንድ በአንድ ከፎጣ ሥር ወጡ፤ በመጨረሻ የኤንሲዮም ወጣ።

ቱያ ወደ ምድጃው ገብታ ክብሪቱን ጫረች። ኤንሲዮ እሳቱ እስኪያያዝ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

"ቆይ ግን፣" አላት ከልቡ ግራ ገብቶት፣ "ያን ሁሉ ዓመት አንቺም በዚያ ሰዓት ስትለማመጂ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪን?"

"በየዓመቱ ተናግሬያለሁ" አለች ቱያ። "እናንተ ሳውና ውስጥ ነበራችሁ።"